ከገደሉ ማዶ የተጣራሁ ዕለት

ካርታ ማንበብ ያስተማረችኝ ልጄ ናት፤ ያስተማረችኝም አልጋዬ ላይ ነው። ቤታችን አንድ ክፍል ስለሆነች ወረቀቱን የምንዘረጋበት ሌላ ቦታ አልነበረንም። ብርድ ልብሱን ወደ ጥግ ትገፋና ካርታውን ትዘረጋለች፤ እንዳይጠቀለል አራቱ ጫፍ ላይ ሙዝ ታስቀምጣለች። እኔ ትምህርት ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ነው። ፊደል አነባለሁ፣ ቁጥርም አውቃለሁ። ተወልጄ ያደግኩበት ተራራ እንደ ቆዳ ተወጥሮ ወረቀት ላይ ሲተኛ ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

«እነዚህ ቡናማ ክሮች ምንድን ናቸው?» አልኳት።

«ክር አይደሉም እማ፣ የመሬቱ ከፍታ ነው። ሲራራቁ ሜዳ ነው፣ ሲቀራረቡ ዳገት። እንዲህ ሲነካኩ ደግሞ ገደል።»

ጣቴን ይዛ መስመሮቹ የተጨናነቁበት ላይ አስቀመጠችው። «ይኼን ቦታ ታውቂዋለሽ» አለችኝ። አወቅኩት። ከጨንቻ ወደ ታች ሲወርዱ ከቀርከሃው ጫካ ቀጥሎ ያለው ገደል ነው። እጄን ሰበሰብኩ።

«እዚህ ነው የምትሮጡት?»

«በሁሉም ቦታ ነው እማ። ገና አሁን መፍራት ጀመርሽ?»

የጀመርኩት ከዚያ በፊት ነበር። ልጄ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወድቃ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጣ ነበር። ከክፍሏ ያለፈው በጣት የሚቆጠር ነው፤ ቢሆንም የሚወድቅ ሰው የሚወድቀው ለብቻው ነው። አንዳንድ ቀን ከእኔ ጋር ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ቆረጣ ትወጣለች፤ የቀረውን ቀን በር ላይ ተቀምጣ ስልኳን ታያለች። በዚህ መሃል ነው አንድ የወጣቶች ማዕከል ኦሪየንቲሪንግ የሚባል ነገር የጀመረው። ስሙ ለምላሴ ስለሚከብደኝ እኔ የካርታ ሩጫ እለዋለሁ። ካርታና ኮምፓስ ይሰጣቸዋል። በጫካና በተራራ ውስጥ ብርቱካናማና ነጭ ጨርቅ የተሰቀለባቸው ቦታዎች አሉ፤ እነሱን በተራ እያገኙ ካርዳቸውን ይበሳሉ። አራት ሆነው ይነሳሉ፣ አራት ሆነው ይገባሉ። ሰዓቱ የሚቆመው የመጨረሻው ሰው እግር ሲገባ ነው። ስልክ ክልክል ነው። መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው መጠየቅም ክልክል ነው።

«ሰው ባለበት አገር ሰው አትጠይቁም?» አልኳት።

«አንጠይቅም። ሰውም ሊነግረን አይችልም።»

«እንግዲያ ይኼ ጥጋብ ነው።»

እምቢ አልኩ። ጅብ አለ፣ እባብ አለ፣ ገደል አለ፣ ሰው አለ፤ ሁሉንም ቆጠርኩላት። በሦስተኛው ቀን አሰልጣኙ ራሱ ቤቴ መጣ። አገሩ ሩቅ ነው፤ እዚህ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ እዚሁ የቀረ ቀጭን ወጣት ነው። የሰጠሁትን ዱካ ትቶ ደፍ ላይ ተቀመጠ።

«ማዘር፣ ልጅዎ ጎበዝ ናት።»

«ጎበዝ መሆኗን አውቃለሁ። ከጠፋችስ?»

«እንዳትጠፋ እኮ ነው የምናስተምራት።»

«ተምራ ከጠፋችስ?»

ሳቀ። «ማዘር፣ እርስዎ ዳኛ ቢሆኑ አንድም ቡድን ከመነሻው አይነቃነቅም ነበር።»

ከዚያ ሁለት ነገር ነገረኝ። አንደኛው፣ በዓመቱ መጨረሻ ከጨንቻ እስከ አርባ ምንጭ የሚደረግ ረጅም ውድድር አለ። አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ቡድኖች አዲስ አበባ ለአገር አቀፉ ውድድር ይሄዳሉ፤ እዚያው ሦስት ወር ሥልጠና ይሰጣቸውና ሲመለሱ ማዕከሉ ረዳት አሰልጣኝ አድርጎ በደመወዝ ይቀጥራቸዋል። ልጄ በሩ ላይ ቆማ ይህን ስትሰማ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። ሌላ የተከፈተላት በር እንደሌለ ሦስታችንም እናውቅ ነበር። ሁለተኛው፣ አንዱ እግሩ ቢወለምጥ ሦስቱ ይሸከሙታል እንጂ ጥለውት አይሄዱም አለኝ። ሕጉ ነው አለኝ። እሺ ያልኩት በዚህ በሁለተኛው ነው።

ምክንያት አለኝ። በልጅነቴ ከጨንቻ በላይ ካለው መንደራችን ድንችና ነጭ ሽንኩርት ተሸክመን እዚህ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ እንወርድ ነበር። ስድስት ሰባት ልጃገረዶች ሆነን ጎህ ሲቀድ እንነሳለን። በመንገዱ ዳር ዳር ወገብ ድረስ የተቆፈሩ የሸክም ማረፊያዎች ነበሩ፤ ጀርባችንን ሰጥተን ሸክሙን ሳንፈታ እናሳርፋለን። ርቀት የምንለካው በእነሱ ነው። ሁለት ማረፊያ ቀረን፣ አንድ ማረፊያ ቀረን እንባባላለን። አንድ ቀን ጉም ነበረ፤ እኔ ፊት ነበርኩ። ከቀርከሃው ስንወጣ መንገዱ ሁለት ይሆናል። ቀኙ የእኛ ነው፤ ግራው ገደል ነው። ከሁላችን የምታንሰው ልጅ ኋላ ቀርታ ነበር። ዞር ብዬ አላየሁም፣ አልተጣራሁም። ሁለተኛው ማረፊያ ላይ ስንቆጠር ጎደለች። ከሰዓት በኋላ ገደሉ ወገብ ላይ ዛፍ ይዟት አገኟት። ዳሌዋ ግን አልዳነም። ዛሬም ጨንቻ ገበያ ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ትሸጣለች። ስታየኝ በደንብ ሰላም ትለኛለች። በደንብ ሰላም ማለቷ ነው የሚከብደኝ።

የልጄ ቡድን እሁድ እሁድ ከልምምድ ሲመለስ ቤቴ መምጣት ጀመረ። ከጎጃም የመጣ ረጅም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ። ከሐረር የመጣች ተማሪ አለች፤ ሩጫዋም ምላሷም ፈጣን ነው። ሦስተኛው የሲቀላ ነጋዴ ልጅ ነው፤ አባቱ ከስልጤ መጥቶ እዚህ ሱቅ የከፈተ፣ እሱ እዚሁ የተወለደ፣ ወፈር ያለ። አራተኛዋ ካርታውን የምትይዘው ልጄ ናት። ኩርኩፋ ሠርቼ፣ የበቆሎውን ድብልብል ከሽፈራው ቅጠል ጋር ቀቅዬ፣ ዳጣ ከምንለው የቃሪያ ማባያ ጋር አቀርብላቸዋለሁ።

«እማማ፣ ይኼ ይበላል ወይስ ይመታል?» አለች የሐረሯ አንዱን ድብልብል በጣቷ አንስታ።

«እንጀራ የለም?» አለ ረጅሙ ቀስ ብሎ።

«ዝም ብለህ ብላ» አለው የነጋዴው ልጅ። «እኔ በዚህ ነው ያደግኩት።»

«እሱስ ይታያል» አለችው የሐረሯ ሆዱን እያየች። ልጄ ከት ብላ ሳቀች። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትስቅ አልሰማሁም ነበር።

እግራቸውን ሳይ ግን ሥራቸው ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ። ጥፍራቸው ጠቁሯል፤ ተረከዛቸው ተልጧል። ልጄ እርምጃ በአፏ እየቆጠረች መሄድ ለምዳለች፤ ሲቀላ ዘይት ልትገዛ ስትሄድ እንኳ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። «ከቤት እስከ ወፍጮ ቤት ሦስት መቶ ስምንት» ትለኛለች። ችግራቸው ሌላ ነበር። ሦስቱ ይሮጡና የነጋዴውን ልጅ ቆመው ይጠብቁታል፤ ሲደርስ እነሱ አርፈዋል፣ እሱ ሳያርፍ እንደገና ይነሳሉ። በዚህ እየተጨቃጨቁ አንድ እሁድ ተኳርፈው መጡ።

«ደካማው ፊት ይሁን» አልኳቸው።

«እኔን ነው ደካማ የሚሉኝ ማዘር?» አለ የነጋዴው ልጅ።

«አንተን ነው። ፊት ከሆንክ ማንም አይጥልህም። አንተም ከኋላህ ሰው ሲመጣ ታፍርና ትበረታለህ። ሳይደክማችሁ እረፉ፣ ቁልቁለት ላይ ጉልበታችሁን አታድርቁ። እኛ ስንሸከም እንዲህ ነበር።»

እንዲህ መውረድ የጀመርነው ያቺ ልጅ ከወደቀች በኋላ እንደሆነ አልነገርኳቸውም። በሚቀጥለው ልምምድ ከአርባ ደቂቃ በላይ ቀንሰው ገቡ። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛዋ አሰልጣኝ ይሉኝ ጀመር። የሐረሯ ከበር ሳትገባ «ሁለተኛዋ አሰልጣኝ አሉ?» ትላለች። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይለኝ ነበር። ሙዝ ቆረጣ ላይ ለሴቶቹ እነግራቸው ነበር። ተራራውን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም ብዬ ማሰብ የጀመርኩት ያኔ ነው።

አንድ እሁድ ልጄ ብቻዋን አርባዎቹ ምንጮች ያሉበት ጫካ ወሰደችኝ። ኮምፓሱን መዳፌ ላይ አድርጋ ቀይዋ መርፌ ሰሜን ስታይ ካርታውን እንዴት እንደማዞር አሳየችኝ። «አሁን አንቺ ምሪኝ» አለችኝ። በላብ ተጠምቄ፣ እያንዳንዱን ዛፍ ሁለት ጊዜ እያየሁ መራኋት። ከትልቅ ሾላ ሥር ብርቱካናማውን ጨርቅ ሳይ እንደ ልጅ ጮህኩ።

«አትጩሂ እማ!» አለችኝ አፌን በእጇ ይዛ። «ሌላ ቡድን ቢኖር ቦታውን ትነግሪዋለሽ እኮ።» ሁለታችንም እየሳቅን መሬት ላይ ተቀመጥን። ከእሷ ጋር ካሳለፍኳቸው ቀኖች ሁሉ ያቺን እወዳታለሁ። አሁን ግን ሳስባት ያመኛል።

የውድድሩ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ጫማዋን ስታጥብ ቀና ብላ አየችኝ።

«እማ፣ ነገ እንዳትመጪ።»

«የት ነው የምመጣው?»

«አውቅሻለሁ።»

«ሙዝ ቆረጣ አለብኝ።»

«በእኔ ሞት በይ።»

«በልጅ ሞት አይማልም» አልኳት ተቆጥቼ። ነገሩን እንዳልምልላት ብዬ ነው የተቆጣሁት። እሷም ገብቷታል፤ ጫማዋን ማጠቧን ቀጠለች።

በማግስቱ እሷ ከቡድኑ ጋር በማዕከሉ መኪና ወጣች። እኔ ትንሽ ቆይቼ ከሲቀላ መናኸሪያ በሚኒባስ ጨንቻ ወጣሁ። የዕለቱን ካርታ ማንም ቀድሞ አያየውም፤ እኔም አላየሁትም። ግን አልጋዬ ላይ የተማርኩት ነበረኝ። መስመሮቹን በልቤ ዘረጋኋቸው። ከጨንቻ የሚወርድ ሰው ከቀርከሃው ጫካ መውጣቱ አይቀርም፤ ከቀርከሃው ፊት ለፊት፣ ከገደሉ ማዶ፣ አንድ ሸንተረር አለ። እዚያ ብቆም አያታለሁ፣ እሷ አታየኝም። ልጄ እንዳትጠፋ የተማረችውን እኔ እሷን ለማግኘት ተጠቀምኩበት። በእግሬ ሄጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ነጠላዬን ተከናንቤ ከቦርሳዬ ቆጮ አውጥቼ ቆረስኩ፤ ግን አልበላሁም።

ጉሙ ከታች እየተነሳ መጣ። አንዳንዴ ይከፈታል፣ አንዳንዴ ይዘጋል። አንድ ቡድን ሲያልፍ ድምፅ ብቻ ሰማሁ። ቆይቶ ጉሙ ሲገለጥ አራት ሰዎች ከቀርከሃው ሲወጡ አየሁ። ፊት ያለው ወፈር ያለ ነው። በሦስተኛ የምትሄደው ልጄ ናት፤ ካርታው እጇ ላይ ነው። መንታው መንገድ ላይ ቆሙ። ካርታውን አየች፣ ቀና አለች፣ እንደገና አየች። ከዚያ በእጇ አሳየቻቸው። ግራውን።

በእኛ ደጋ አገር ከገደል ማዶ የተጣራ ሰው መልስ ሳያገኝ አይቀርም። ለመዞር ግማሽ ቀን የሚፈጅ ገደል በመሃል ስላለ ሞቱም፣ ገበያውም፣ የጠፋው ከብትም በድምፅ ነው የሚሻገረው። ማን እንደጠራህ ባታውቅ እንኳ ቆመህ «አቤት» ትላለህ፤ ሰምቶ ዝም ያለ ሰው ተረግሟል ይባላል። ልጄን ገና ስታወራ ያስተማርኳት ይህን ነው።

ተነሳሁ። እጄን አፌ ላይ አድርጌ በጋሞኛ ስሟን ጠራሁ። ድምፄ ከሠላሳ ዓመት በፊት እንደነበረው ሆኖ ወጣ። እነሱ ቆሙ። ልጄ ወደ ማዶ ዞረች፤ ጉሙ መሃላችን ነበር። አሁንም ጠራኋት።

«አቤት!» አለች።

«ግራው ገደል ነው! በቀኝ! በቀኝ ውረዱ፣ የሸክሙን መንገድ!»

ከዚያ ሲጨቃጨቁ ሰማሁ፤ ቃሉ አይለይም። ረጅሙ ካርታውን በጣቱ መታ መታ ሲያደርግ ታየኝ። የሐረሯ እጇን ወደ ግራ ዘረጋች። ልጄ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ዞሩ፤ በቀኝ ወረዱ። ጉሙ ዘጋቸው።

ተቀመጥኩ። ቆጮዬን በላሁ። የዚያን ዕለት ደስታ ዛሬ ስጽፈው አፍራለሁ፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ጊዜ ያልተጣራሁትን አሁን ተጣራሁ ብዬ ነበር።

ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ወርጄ በእግሬ ወደ ውድድሩ መጨረሻ ሜዳ ሄድኩ። ስደርስ አራቱም ገብተዋል፤ ሦስቱ ሳር ላይ ተዘርግተዋል። ልጄም ደህና ነች፤ ሁለት እግሯ አለ፣ ሁለት እጇ አለ። ክንዷ ተቧጭሯል። የሐረሯ ሱሪ ጉልበቱ ላይ ተቀዷል። ሁለተኛ ወጥተዋል ብሎ አንድ ተመልካች ነገረኝ። ሁለተኛ! ስለዚህ አዲስ አበባ ትሄዳለች። እግሬን ሳላውቀው ሮጥኩ።

ልጄ የዳኞቹ ጠረጴዛ ፊት ቆማ ነበር። አሰልጣኙ አጠገቧ ነው። አንድ ጎልማሳ ዳኛ ይጠይቃታል፤ ድምፁ የቁጣ አልነበረም።

«እኔ ጉሙ ውስጥ ሰው ሲጣራ ሰምቻለሁ። ሴት ናት። መልስ የሰጠም አለ። ከዚያ እናንተ ሳትመጡ ቆያችሁ፣ ስትመጡም በሌላ በኩል መጣችሁ።»

«ገበያተኛ ነው ጋሼ» አለች ልጄ። «ደጋ ላይ ሰው ይጣራል። ከብት የጠፋበት ሁሉ ይጣራል።»

«እሱስ እውነት ነው» አለ ሌላው ዳኛ። «እኔም ስሰማ ነው የዋልኩት። ለዚህ ቡድን ነው የተባለው በምን ይታወቃል? እናጽድቅላቸው።»

ጎልማሳው ብዕሩን አነሳ። እኔ የደረስኩት ያኔ ነው። «ልጄ!» ብዬ ከኋላዋ አቀፍኳት። አንገቷ ሲደርቅ ተሰማኝ።

ዳኛው አየኝ። የጫማዬን ቀይ ጭቃ አየ፤ ታች አርባ ምንጭ እንዲህ ያለ ጭቃ የለም። የነጠላዬን እርጥበት አየ።

«ማዘር፣ ላይ ቆመው ይጣሩ የነበሩት እርስዎ ነዎት?»

ልጄ ክንዴን በጥፍሯ ያዘችኝ። እኔ ግን ሊያመሰግነኝ የጠየቀኝ መሰለኝ።

«እኔ ነኝ!» አልኩት። «ገደል ሊገቡ ነበር እኮ። በግራ ሲታጠፉ አይቼ በቀኝ አልኳቸው። እኔ ባልኖር አራት ልጆች...»

ዳኛው ብዕሩን አስቀመጠ።

«ማዘር» አለኝ በቀስታ፣ «በግራ ድልድይ አለ። የእግር ድልድይ ከተሠራ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ካርታው ላይም ተስሏል። እኔ ድልድዩ ላይ ነው ተቀምጬ የዋልኩት።»

«የሸክሙ መንገድስ?» አልኩ። የነጋዴው ልጅ ሳር ላይ እንደተኛ መለሰልኝ። «መንገድ የለም ማዘር። ግማሹ ተንዷል፣ ግማሹን ቁጥቋጦ ይዞታል። ድንች የሚወርደው አሁን በመኪና ነው። ማን ይሄድበታል?» ይህን ሲል አልተቆጣም። በዚያ ውስጥ አንድ ሰዓት ከሩብ ተንፏቀው ተመልሰው ነው ድልድዩን የተሻገሩት። ያንን ያህል አጥተው፣ ከታች ባለው ቆላ ሙቀት ውስጥ ሌሎቹ ሲዝሉ እነሱ ደካማውን ፊት አድርገው ሳያቆሙ ሮጠው ነው ሁለተኛ የወጡት። ያን የመሰለ ጉልበት ነበራቸው።

ከውጭ እርዳታ በመቀበል ተሰረዙ። ያልረዳ እርዳታ ነው፤ ግን ሕጉ ይህን አይለይም። አሰልጣኙ ተከራከረ፤ አልሆነም። ረጅሙ ጫማውን አወለቀና ደም የነካውን ካልሲውን ይመለከት ጀመር። የሐረሯ ሁለተኛዋ አሰልጣኝ አላለችኝም። «እማማ፣ ለምን መጡ?» አለችኝና አለቀሰች። የነጋዴው ልጅ «ተያቸው፣ እናት ናቸው» አላት። የታመመ ሰው አጠገብ እንደሚባለው ነበር ያለው።

እስከ ቤት በእግራችን ሄድን። ልጄ ሁለት እርምጃ ቀደም ብላኝ ነበር፤ ከንፈሯ አይንቀሳቀስም፤ እርምጃ አትቆጥርም። ቤት ገብታ አልጋው ላይ ተቀመጠች። እግርሽን ላጥብልሽ አልኳት፤ ራሷ አጠበች።

«ድልድዩን አላየሽውም ነበር?» አልኳት በመጨረሻ።

«አይቼዋለሁ።»

«ካርታው ላይ?»

«ካርታው ላይ። ለእነሱም አሳይቻቸው ነበር።»

«ታዲያ ለምን ታጠፍሽ?»

ቀና ብላ አየችኝ። «ጠራሽኝ» አለች።

ብትሰድበኝ ይሻል ነበር። እውነቱን የያዘ ወረቀት በእጇ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ያለፈበትን መንገድ ይዤ ማዶ ቆሜ ነበር። እሷ ያመነችው እኔን ነው። ልጅ እናቷን እንድትሰማ አድርጌ ያሳደግኩት እኔው ነኝ፤ ጥሩ አድርጌ አሳድጌያለሁ።

ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። ጎረቤታችን የእኔው አገር ሰው የሆኑ ሽማግሌ አሉ። ሄጄ ነገርኳቸው። በእኛ ልማድ በደለኛ ሽማግሌ ይዞ ይሄዳል፤ ሽማግሌው ለምለም ሳር ይዘው ይቆማሉ፤ ሳሩን ያየ ሰው ይቅርታ አይከለክልም። አብረን ማዕከሉ ድረስ ሄድን። አሰልጣኙ ሲያየን ተነሳ። የሳሩን ነገር ያውቃል፤ እዚህ ብዙ ቆይቷል። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለ።

«ማዘር፣ እኔ ቀድሞም አልተቀየምኩም» አለኝ። «ግን የሚሄዱት ሰዎች ዝርዝር ተልኳል። ከእጄ ወጥቷል።»

«ለሚቀጥለው ዓመትስ?»

ሳሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ደግሞ አነሳው። «ሦስቱ ይወዷታል» አለ። «ግን ሌላ ካርታ ያዥ እንፈልጋለን ብለዋል። ስትጠራ ትታጠፋለች ነው የሚሉት።»

ሽማግሌው መርቀው ወጣን። እኔ ለልጄ ልነግራት አልፈለግኩም ነበር፤ ሽማግሌው ግን መልካም ሥራ የሠሩ መስሏቸው በር ላይ ሲያገኟት ነገሯት። ገብታ ፊቴ ቆመች።

«ደግሞ ሄድሽ?»

«ለአንቺ ብዬ ነው።»

«ተራራውንም የወጣሽው ለእኔ ብለሽ ነው።» ድምፅዋን አላነሳችም። «እማ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ጠይቂኝ። ልሂድ ወይ በይኝ።»

ካርታዎቹን ሰብስባ ለማዕከሉ መለሰች። ለጥቂት ወር ከእኔ ጋር ሙዝ ቆረጣ ወጣች፤ እኔ ዘለላውን እቆርጣለሁ፣ እሷ እየተሸከመች ጋሪው ላይ ታደርሳለች። ጉልበቷ ያስደንቅ ነበር። የእርሻው ባለቤት «ይቺ ልጅ አይደክማትም እንዴ?» ሲል የምገባበት ጠፋኝ።

ባለፈው ዓመት ክረምት ሲወጣ ሐዋሳ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ሥራ አገኘሁ አለችኝ። ከማን ጋር እንደምትኖር፣ ሰፈሩ የቱ እንደሆነ፣ መናኸሪያ ማን እንደሚቀበላት ጠየቅኳት። «ስደርስ እደውላለሁ» አለች። ሻንጣሽን እስከ መናኸሪያ ልያዝልሽ ስላት «እስከ በር ይበቃል» አለችኝ። እስከ በር ያዝኩላት።

በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ትደውላለች። በላሽ ወይ፣ ብርድ አለ ወይ እላታለሁ፤ በአጭሩ ትመልሳለች። ክፉ አትናገረኝም።

«የት ነሽ?» እላታለሁ።

«ቤት ነኝ» ትላለች።

ከጀርባዋ የመኪና ጥሩምባና የሰው ጫጫታ ይሰማኛል። ከየትኛው መንገድ እንደሆነ አላውቅም። ተጠንቅቀሽ ተሻገሪ ልላት ከአፌ ይደርሳል። ግን ቤት ነኝ ብላኛለች፤ ስለዚህ «እሺ ልጄ፣ ደህና ዋይ» ብዬ ስልኩን እዘጋለሁ።